የሙሉጌታ ስራው ነገር የጀመረው ያን ለሊት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ስለተገደለው ኢትዮጵያዊ ስለ ሙሉጌታ ስራው ሲነሳ ሁሌ የምሰማው "የሰከሩ ጎረምሶች መንገድ ላይ ተጣልተው ገደሉት" የሚል ነው፣ በጣም ያበሽቀኛል። አዎ ጠቡ የተነሳው መኪና መንገድ ዘጋ በሚል ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 1988 ለሊት ኦሪገን ስቴት፣ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ጓደኞቹ ቤቱ አድርሰውት እየተሰነባበቱ ሳለ ሶስት ስኪንሄዶች (ራሳቸውን የተላጩ ዘረኛ ነጭ ጎረምሶች) መጡባቸው፣ አንዱ በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን ደጋግሞ መታው። ለትምህርት የሄደ የ28 አመት ልጅ፣ አገር ቤት ህጻን ልጅ ትቶ።

ግን ኦሪገን እኮ ገና ስትመሰረት ጥቁር አይግባብኝ ያለች ስቴት ናት! 1857 ላይ በወጣው ህገ መንግስቷ ጥቁር መጥቶ መኖርም ንብረት መያዝም አይችልም ነበር፣ ያ አንቀጽ የተሰረዘው 1926 ነው። 1922 ላይ ገቨርነር ሆኖ የተመረጠው ዋልተር ፒርስም ኩ ክለክስ ክላን የሚባለውን የነጭ ዘረኞች ቡድን ድጋፍ ይዞ ነው ያሸነፈው። ጎረቤቷ አይዳሆ ውስጥ ደሞ ሪቻርድ በትለር የሚባል ሰውዬ ሄይደን ሌክ አጠገብ ግቢ አጥሮ አርያን ኔሽንስ የሚባል የነጭ ዘረኞች ድርጅት ያደራጅ ነበር፣ ሰሜን ምዕራቡን የነጭ ብቻ አገር እናደርገዋለን እያሉ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ቶም ሜትዝገር ነው። ካሊፎርኒያ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ድሮ የክላን መሪ የነበረ ሰው፣ ሙሉጌታን በአይኑ እንኳን አይቶት አያውቅም። ዋይት አርያን ሬዚስታንስ የሚባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅቱ ግን ፖርትላንድ ድረስ ሰው ልኮ ስኪንሄዶቹን አሰልጥኗል፣ ለጥቃት አነሳስቷል። ሞሪስ ዲስ የሚባለው ጠበቃ የሙሉጌታን ቤተሰብ ወክሎ ይሄንን ነው ለጁሪው ያስረዳው፣ እና 1990 ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ፣ አብዛኛው ሜትዝገር፣ ልጁና ድርጅቱ ላይ። ሰውዬው ቤቱን አጣ። ገዳዩ ጥፋቱን አምኖ እድሜ ልክ ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ። በ2000 የአይዳሆዎቹም ላይ በዚሁ መንገድ 6.3 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶ ግቢያቸው ከእጃቸው ወጣ።

ያ ሁሉ ገንዘብ ግን ለቤተሰቡ ደረሰ ማለት አይደለም፣ ሜትዝገር ያን ያህል ብር አልነበረውም። የተገኘው ነገር ቢኖር ላኪው በስሙ ተጠርቶ መጠየቁ ነው።

በ2018፣ ከሞተ በ30ኛ አመቱ፣ በተገደለበት ሰፈር የመንገድ ታፔላዎቹ ላይ ስሙ ወጥቷል። ፖርትላንድ ያላችሁ እስኪ ሄዳችሁ ፎቶ አንሱልኝ።