ያነከሰው ባቡር

የሞዴል ባቡሮቼን የምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ዛሬ አምስት ሥራ አለ። አምስቱም አላለቁም። ሆዷ የተከፈተ ሎኮሞቲቭ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የነዳጅ ፉርጎ፣ ሽቦው የተንጠለጠለ ዲኮደር (ለሎኮሞቲቭ የሚላከውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ሞተሩንና መብራቱን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ)፣ ግማሹ ጠጠር የለበሰ ሐዲድ፣ ካርቶን ውስጥ የተኛ የአጎቴ አሮጌ ባቡር።

የተበታተኑ ይመስላሉ እንጂ ሁሉም የሚያመሩት ወደ አንድ ነገር ነው። ባቡር ሲያዘግም ማየት እፈልጋለሁ። ሲሮጥ አይደለም። መሮጥማ ማንኛውም አሻንጉሊት ይሮጣል። እኔን ልቤን የሚወስደው ሎኮሞቲቭ ቀስ ብላ፣ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ቀጥሎ ሌላ አግዳሚ እንጨት እያለፈች፣ ሳትቆምና ሳትንጠራወዝ ፉርጎ ጋ ደርሳ ስትቀጠል ነው።

የኔ ባቡሮች ኤች ኦ በሚባለው መጠን የተሠሩ ናቸው። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳሉ። የመደበኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ከአውራ ጣት ስፋት ብዙም አይርቅም። ፍጥነቱም እንደዚያው ነው የሚካፈለው። እውነተኛዋ በሰዓት 5 ኪሎሜትር እየሄደች ፉርጎ ብትጠጋ፣ የኔዋ በሰከንድ 1.6 ሴንቲሜትር ብቻ መሄድ አለባት። አንድ ሜትር ለመጨረስ ከ1 ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። በዚህ ፍጥነት የሚደበቅ ነገር የለም። የቆሸሸ ጎማም ሆነ የላላ ሽቦ ወዲያው ይጋለጣል።

ሆዷ የተከፈተችው ሎኮሞቲቭ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ወዲያ ወዲህ የምትገፋ ዓይነት ናት። ከሁለት ወር በፊት የሐዲድ ማዞሪያው ላይ፣ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ፣ ስትደርስ ከሐዲድ መውጣት ጀመረች። ሁልጊዜ አይደለም። ከአምስት ጊዜ አንዴ። ሰውን የሚያደክመው እንዲህ ያለው ብልሽት ነው። ሁልጊዜ የሚበላሽ ነገር ምክንያቱ ቶሎ ይገኛል። አልፎ አልፎ የሚበላሽ ግን ልክ አጎንብሰህ ስታየው ደህና ይሆናል።

እኔ ጥፋቱን ማዞሪያው ላይ ጣልኩ። የምትወጣው እዚያ ነዋ! ሞረድ ይዤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሠራሁበት። ሹል የሐዲድ ጫፎቹን አሳሳሁ፤ ጎማ የሚያልፍበትን ክፍተት አሰፋሁ። የተሻለ መሰለኝ። በማግስቱ እንደገና ወጣች።

አንድ ማታ ሎኮሞቲቯን ወዲያ ወዲህ እያስኬድኩ ሳለ ባለቤቴ ከሚቀጥለው ክፍል ጮክ ብላ፣

«ያ ባቡርህ እኮ ያነክሳል» አለችኝ።

«እንዴት ያነክሳል?»

«እስቲ ዝም ብለህ ስማው። እግሩን እንደሚያመው ሰው ነው የሚሄደው።»

ዝም ብዬ ሰማሁ። እውነቷን ነው። ከሞተሩ ድምፅ ሥር «ቀጭ» የሚል ነገር አለ። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ «ቀጭ»። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔን ተክዬ ያላገኘሁትን፣ ባቡሩን ሳታየው በጆሮዋ አገኘችው።

እዚህ ላይ ሞረዱን አስቀመጥኩና መለካት ጀመርኩ። ቀድሞም መሆን የነበረበት ይኸው ነው። ከሐዲዱ ጎን ረጅም ወረቀት ዘረጋሁ። ሎኮሞቲቯን በጣም ቀስ አድርጌ እየነዳሁ፣ «ቀጭ» ባለች ቁጥር የፊት ጎማዋ ባለበት በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። አሥር ምልክት። በመሃላቸው ያለው ርቀት 3.7 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በካሊፐር የጎማውን ዲያሜትር ለካሁ፤ 11.7 ሚሊሜትር። በ3.14 ሲባዛ 36.7 ሚሊሜትር። ማለትም ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ «ቀጭ»።

ያቺን ቁጥር ሳያት የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። ሞተሩ ጎማው አንዴ እስኪዞር ድረስ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ችግሩ ከሞተሩ ቢሆን ኖሮ ምልክቶቹ ተጠጋግተው በተደረደሩ ነበር። ማዞሪያው ቢሆንማ ድምፁ እዚያ ብቻ በተሰማ። ወረቀቱ ጣቱን የቀሰረው ወደ ጎማው አክስል ነው።

የሁለቱን ቦጊዎች፣ ማለትም ጎማዎቹን የያዙትን ጋሪዎች፣ የታች ክዳን በቀጭን ካቻቢቴ ከፈትኩ። አራቱን አክስሎች በወረንጦ እያወጣሁ፣ ቅደም ተከተላቸውን ሳላዛባ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። እያንዳንዱ አክስል መሃሉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ አለው። ግሪሱን በጥጥ ጠርጌ በማጉያ መነጽር አየሁ። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና። ሦስተኛው ላይ፣ በሁለት ጥርሶች መሃል፣ ከፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር። በጥፍሬ ጫን ስላት ተከፈተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሹ የብረቱ አክስል ላይ የገባው በኃይል ተጨምቆ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩ ዕድሜ ልኩን እንደተወጠረ ይኖራል። ዓመታት ሲያልፉ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ያለበት ላይ የጥርሶቹ ርቀት ይሰፋል። ያ ቦታ ከሚቀጥለው ማርሽ ጋር ሲገናኝ ጥርሶቹ አልገጥም ብለው ይዘላሉ። «ቀጭ» የምትለው ያች ናት። በዚያ ላይ የላላ ማርሽ ጎማዎቹን ቦታቸው ላይ አጥብቆ አይዝም። ቀስ በቀስ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ሁለቱ ጎማዎች ትንሽ ሲራራቁ ቀጥ ያለ ሐዲድ ይታገሣቸዋል፤ ማዞሪያ ግን አይታገሥም። የጎማ ርቀት የሚለካባትን ትንሽ የብረት መለኪያ ሳስገባ አልገጠመችም። ማዞሪያው ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም።

ስንጥቁን በማጣበቂያ መድፈን አይታሰብም። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ የሚያዳልጥ ዓይነት ነው፤ ማጣበቂያ አይቀበልም። ቢይዝ እንኳ ውጥረቱ መልሶ ይቀደዋል። አዲስ ማርሽ ነው የሚያስፈልገው። አራቱም እኩል ዕድሜ ስላላቸው አራቱንም ቀየርኩ። ጎማዎቹን መልሼ የጨመቅኳቸው በሞርሳ ነው። ትንሽ አጥብቄ በመለኪያዋ አያለሁ፤ ደግሜ ትንሽ አጠብቃለሁ። ካለፈ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን አክስል መስታወት ላይ አንከባለልኩት። ጠማማ ጎማ መስታወት ላይ ሲወዛወዝ ወዲያው ይታያል።

በሞረድ የበላሁት ማዞሪያ ግን አሁን በእርግጥ አይሆንም። ያሰፋሁት ክፍተት ውስጥ ደህናው ጎማም ይወድቃል። መቀየር አለበት። ይህ ሥራ ከነገ አያልፍም።

ዲኮደሩ የሌላ ሎኮሞቲቭ ነው። ዲ ሲ ሲ በሚባለው አሠራር ሐዲዱ ላይ ኃይልና ትዕዛዝ አብረው ይሄዳሉ። እያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ የራሷ አድራሻ ስላላት ለሷ የተላከውን ብቻ ትሰማለች። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 3 ነው። የሽቦዎቹ ቀለም ደግሞ በቃል የሚያዝ ነው። ቀዩ ከቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁሩ ከግራ ሐዲድ፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተር፣ ነጩ ለፊት መብራት፣ ቢጫው ለኋላ መብራት፣ ሰማያዊው ለመብራቶቹ ሁሉ የጋራ።

ብየዳው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በድሮ ሞዴሎች ከሞተሩ ሁለት ጫፎች አንዱ ከብረት አካሉ ጋር የተገናኘ ነው። አካሉ ደግሞ ከሐዲዱ ኃይል ይቀበላል። ይህን ሳትለይ ዲኮደር ብታስገባ፣ ሐዲድ ላይ ባስቀመጥካት ቅጽበት ይቃጠላል። ከዓመታት በፊት አንድ እንደዚህ አቃጥያለሁ። ሽታው አይረሳም። ስለዚህ አሁን ሞተሩን አወጣለሁ፣ ሥሩን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቴፕ እሸፍናለሁ፣ መልሼ አስሬ በመልቲሜትር እለካለሁ። ብሎኖቹን ሁሉ ካጠበቅኩ በኋላ ደግሞ እንደገና። ምክንያቱም ብሎኑ ራሱ ሞተሩን ከአካሉ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ትናንት ማታ መልቲሜትሩ ጮኸብኝ። አንድ ብሎን ቴፑን ቀድዶታል። ለዚህ ነው ሽቦው ተንጠልጥሎ ያደረው።

ቦታ ከተረፈ ካፓሲተር እጨምርበታለሁ። ጎማው ቆሻሻ ላይ ወጥቶ ኃይል ለቅጽበት ሲቋረጥ፣ ያጠራቀመውን ሰጥቶ ያሻግራታል። በቀስታ ለሚነዳ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ጎማ ማጽዳትን አይተካም። ሐዲዱ ላይ አልኮል የነካ ስስ ጨርቅ ዘርግቼ፣ የአንዱን ቦጊ ጎማዎች እሱ ላይ አድርጌ አካሏን በእጄ ይዤ አሽከረክራታለሁ። ጨርቁ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ይቀራል። ጥቁሩ መምጣት እስኪያቆም እደግመዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሞተር ሞቷል የሚባለው ይህ ሳይሞከር ነው።

ሐዲዱ ላይ ጠጠር ማልበስ አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። በአግዳሚ እንጨቶቹ መሃል ጠጠሩን በለስላሳ ብሩሽ ታስተካክላለህ። ከዚያ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በጠብታ ትጨምራለህ። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል ካላደረግክበት ኮላው ኳስ እየሠራ ጠጠሩን ይዞት ይንከባለላል። በአንድ ቀን ይደርቃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፉርጎው ግን ሌላ ነገር ነው። ከፋብሪካ የወጣው የሚያብለጨልጭ ሆኖ ነው። እውነተኛ የነዳጅ ፉርጎ እንደዚያ አይደለም። ከላይ ካለው የመሙያ አፍ ወደ ታች የፈሰሰ ጥቁር አለው። ጎማ የሚረጨው ጭቃ ደግሞ ጫፎቹን ከታች ወደ ላይ ቡናማ ያደርጋቸዋል። ዝገቱም በየቦታው አይደለም፤ ውኃ የሚተኛበትና ቀለም የተፋቀበት ላይ ነው። ስለዚህ ቀለም ከመንካቴ በፊት የእውነተኛ ፉርጎ ፎቶ ፊቴ አስቀምጣለሁ። በጣም የቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ ቀብቼ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች እስበዋለሁ። ሲደርቅ የተፈጨ የቾክ ዱቄት አብሼበት በማይብለጨለጭ ቫርኒሽ አስረዋለሁ። ቫርኒሹ ዱቄቱን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ሆን ብዬ ትንሽ አበዛዋለሁ። ትናንት ያበዛሁት መሰለኝ፤ ሲደርቅ ይታያል።

ክብደቱም ጎድሎ ነበር። በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር፣ ኤን ኤም አር ኤ፣ ለዚህ መጠን ያወጣው ምክር አለ። ወደ ግራም ሲቀየር መነሻው 28 ግራም ነው፤ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ ደግሞ 5.6 ግራም ገደማ ይጨመራል። ፉርጎዬ 15 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ 112 ግራም መሆን አለበት። ሚዛን ላይ ሳወጣው 71 ሆነ። ሆዱ ውስጥ የብረት ሮንዴላ ደርድሬ ሞላሁለት። ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ይወጣል፤ ሲቀጠልም ከመያያዝ ይልቅ ተገፍቶ ይሸሻል።

አምስተኛው የአጎቴ ባቡር ነው። ዓይናቸው ሲደክም «አንተ ትጠግነዋለህ» ብለው ሰጡኝ። ሞተሩ ይዞራል። ላዩም ቆንጆ ነው። ሥሩ ያለው ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸው አካል ግን ታሟል። ቅይጡ ሲቀልጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ከገባበት፣ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተበላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረካከሳል። መድኃኒት የለውም። አካሉ ርዝመቱ ስለጨመረ ጎማዎቹን አንቋቸዋል። ሳወጣው ጥጉ እጄ ላይ ቀረ።

አልጥለውም። የላዩን ቅርጽ ውስጡን ለክቼ በካርቶን ንድፍ ቆርጫለሁ። ከናስ ሳህን አዲስ አካል እሠራለታለሁ። መብሻው ያስፈራኛል፤ የአክስሎቹ ቀዳዳዎች በግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳቱ ባቡሩ ዳግም ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ንድፉን ሦስተኛ ጊዜ እየለካሁት ነው።

ትናንት ማታ፣ ፉርጎው እስኪደርቅ፣ ሎኮሞቲቯን በአዲሶቹ ማርሾች ሞከርኳት። ክዳኗን ገና አልገጠምኩም። ቀጥ ያለው ሐዲድ ላይ አስቀምጬ ከሁሉ በታች ወዳለው ፍጥነት አወረድኳት። መብራቱን አጥፍቼ የሷን የፊት መብራት ብቻ ተውኩ። ብርሃኑ አንዱን አግዳሚ እንጨት ይነካል፣ ይለቀዋል፣ ሌላውን ይነካል። እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ቆመ እንዴ?» አለች ባለቤቴ ከሚቀጥለው ክፍል።

«አልቆመም» አልኳት። «እየሄደ ነው። ነይ እዪው።»