ሲስቲን ስቆጥር ዋልኩ

ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተተክዬ የአኩሪ አተርን ጂኖም (የጂኖቹን ሙሉ ስብስብ) ስበረብር ዋልኩ። የማድነው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይምን የሚገቱ ጂኖችን ነው። ተባዩ ፍሬውን ሲበላ ገቺው ሆዱ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ተክል መሮጥ አይችልም፤ የበላውን ግን ማስራብ ይችላል!

እኔ በጣም የምወደው ቦውማን-በርክ የሚባለውን ነው። 71 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ብቻ ያላት ሚጢጢ ፕሮቲን ናት። ከነዚህ 14ቱ ሲስቲን ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው 7 ማሰሪያ ይሠራሉ። በአንድ ጎኗ ትሪፕሲንን፣ በሌላው ካይሞትሪፕሲንን ትይዛለች፤ ሁለቱም ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞች ናቸው። የምለያት በሲስቲኖቿ ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ «ከሷ ጋር ይመሳሰላል» ያለኝን ጂን ሁሉ ዝም ብዬ አልቀበልም። ሲስቲኖቹ ቦታ ቦታቸውን ካልያዙ፣ ቻው።

አስቸጋሪው የጂኖቹ ቅጂ ብዛት ነው። የአኩሪ አተር ጂኖም ከ59 እና ከ13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ጊዜ ተባዝቷል። ስንቱ ይሠራል? ስንቱስ ስም ብቻ ይዞ ተጎልቷል?

በነገራችን ላይ፣ ጥሬ አኩሪ አተር የሚመገቡ ጫጩቶች የሚቀጭጩት በከፊል በነዚህ ገቺዎች የተነሳ ነው። በደንብ ሲበስል አብዛኛው ኃይላቸው ይከሽፋል።

ነገ ደግሞ የትኞቹ ጂኖች በፍሬው፣ የትኞቹ በቅጠሉ እንደሚነቁ አያለሁ። ዳታው እስኪወርድ ቡና የሚጋብዝ ካለ፣ አለሁ።