ኢሪን ጋሼ ላይ የጣልኩ ዕለት

ጎንደር ባቡር ገብቶ አያውቅም። ከወረታ ተነስቶ በአዘዞ በኩል መተማ የሚዘልቅ መስመር በእቅድ ተይዞ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል፤ ሐዲዱን ያየ ግን የለም። እኔ ራሴ ባቡር በዓይኔ ያየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ለስልጠና ሄጄ ቀላል ባቡሩ ላይ ተሳፈርኩ።

እንግዲህ በዚህ ባቡር አልባ ከተማ፣ አዘዞ ባለው የእናቴ ቤት ሳሎን፣ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ አምስት ሆነን የባቡር ኩባንያ እናስተዳድራለን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እንጀምራለን። ሲፈጥን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። ሲዘገይ እናቴ ራት አቅርባ፣ ሰሌዳውን ሳንነካ ትሪውን በጉልበታችን ይዘን እንበላለን።

የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ ያመጣው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛችን ነው። ውጭ አገር ሲማር ተለክፎ ተመለሰ። ስሙ ቁጥር ነው፦ 1830። ፍራንሲስ ትረሻም የሚባል እንግሊዛዊ በ1974 በፈረንጆች 1829 የሚባለውን አወጣ፤ 1830 ደግሞ በ1986 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዘር ብዙ ጨዋታ ተወልዷል፤ አብዛኞቹ ስማቸው በ18 ይጀምራል። እኛ ሁሉንም በአንድ ላይ «አስራ ስምንቱ» እንላቸዋለን። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ የማኅበር ስም መስሏት «የማን ዝክር ነው?» አለች።

ሳጥኑ ሲደርስ ጥቂት የባቡር ካርዶች ጎድለውት ነበር። በሰርግ መጥሪያ ጀርባ ላይ ጽፈን ተካናቸው። የጠፉትን የኩባንያ ምልክቶች ደግሞ ወንድሜ የዳሽን ቢራ ቆርኪ ቀለም ቀብቶ ሠራቸው። አሁን ኒውዮርክ ላይ ቆርኪ ተቀምጦ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም።

ዳይስ የለውም። ካርታ አይበወዝም። ዕድል የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም፤ ስትሸነፍ የምታማርረው ሰው ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው የአሜሪካ ምሥራቅና የካናዳ ጫፍ ነው፦ ቦስተን፣ ባልቲሞር፣ ሞንትሪያል። ባለ ስድስት ጎን ካርቶን እየደረደርክ ሐዲድ ትዘረጋለህ፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ኋላ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ቡናማ። ይሄ ግን ለማስመሰል ነው። ዋናው ጨዋታ ጥግ ላይ ያለችው የአክሲዮን ዋጋ ሠንጠረዥ ናት።

በአጭሩ ላስረዳ። ስምንት ኩባንያ አለ፣ እያንዳንዱ በመቶ ብር ሒሳብ ሳይሆን በመቶኛ የተከፋፈለ። የመጀመሪያዋን የ20 በመቶ ወረቀት የገዛ ሰው ሊቀመንበር ይሆናል፤ መነሻ ዋጋውንም ከ67 እስከ 100 ባለው ውስጥ እሱ ይቆርጣል። 60 በመቶው ሲሸጥ ኩባንያው ይነሳና ባንኩ የመቶ በመቶውን ገንዘብ ካዝናው ውስጥ ያስገባለታል። ከዚያ ሐዲድ፣ ባቡር፣ ገቢ። ገቢውን ለባለአክሲዮኖች ብታከፋፍል ዋጋው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ካዝና ውስጥ ብታስቀር ወደ ግራ ይመለሳል። አክሲዮን በተሸጠ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። የሚያሸንፈው በኪሱ ብዙ ብርና ውድ አክሲዮን የያዘ ሰው ነው። የኩባንያው ካዝና አይቆጠርም። የኩባንያው ብር ያንተ አይደለም። ይህንን ለመረዳት ሦስት ጨዋታ ፈጀብኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ልፈር።

ሌላው ነገር ባቡሮቹ ያረጃሉ። በ80 የምትገዛው ባለ ሁለት ባቡር (ቁጥሩ የሚደርስበት ከተማ ብዛት ነው)፣ አንድ ሰው የመጀመሪያዋን ባለ አራት ሲገዛ በዚያች ቅጽበት ከሰሌዳ ይወጣል። ባለ ሦስቱን የምትገድለው የመጀመሪያዋ ባለ ስድስት ናት። ባለ አራቱን የሚገድለው 1,100 የሚያወጣው ዲዝል ነው፤ እኛ «ናፍጣ» እንለዋለን። ሐዲድ ያለው ኩባንያ ባቡር ካጣ ደግሞ የግድ ይገዛል። ካዝናው ካልበቃ ሊቀመንበሩ ከኪሱ ይሞላል። ከኪሱም ካጣ አክሲዮኑን ይሸጣል። ያም ካልበቃ ከስሮ ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

ስለዚህ ብልሆቹ ምን ያደርጋሉ? ኩባንያውን እስኪበቃቸው ያልባሉ፤ ባቡሩ ሊሞት ሲል አክሲዮናቸውን ሸጠው ሊቀመንበርነቱን ሌላ ሰው ላይ ይጥሉታል። ሌላው ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ሁለት አክሲዮን ካለውና ካንተ ከበለጠ፣ ወንበሩ የእሱ ነው። እዳውም።

ሕጉ ይህ ነው። ችግሩ እኛ ጎንደር ነን። ማን ላይ ነው የምትጥለው?

አምስታችን እነማን እንደሆንን ልንገራችሁ። መምህሩ አለ። ታናሽ ወንድሜ አለ፤ ርኅራኄ የማያውቅ ልጅ ነው። ሁለት ባጃጅ ያለው የሰፈራችን ልጅ አለ፤ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ በ300 ብር ሒሳብ ትንሿን የተፈቀደችውን 33 ገዝቶ፣ ከዚያ ጀምሮ ስለ ገበያ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ አለሁ። አምስተኛው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው የጨረሱት። ጡረታ ሲወጡ ነው አገራቸው የገቡት። እስከ ዛሬ ብር ሲቆጥሩ በፈረንሳይኛ ነው፦ አን፣ ዶ፣ ትሯ። መጀመሪያ እሁድ ሰሌዳውን አይተው «ይሄ ልጆች የሚጫወቱት ነው» ብለው ዞር አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ከመምህሩ ጀርባ ቆመው «እዚህ ጋ ኩርባውን አጣመምከው» ሲሉ ሰማኋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የኛን አገር ባቡር ታሪክም የነገሩን እሳቸው ናቸው፣ ጨዋታ መሃል፣ ተራቸውን እየዘነጉ። ምኒልክ በ1886 ለስዊሱ መሐንዲስ ለኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዩ ሸፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ላይ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች እዚያ መውጣት ከበደ። ገንዘቡም አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ አዲስ አበባ የተገባው በ1909 ነው። «ድሬዳዋን የወለዳት ተራራና ባዶ ካዝና ነው» ይላሉ ጋሼ። ወንድሜ «ጋሼ፣ ተራዎ ነው» ይላቸዋል።

አሁን ወደ ወንጀሌ ልምጣ።

የዚያን እሁድ ኢሪ የሚባለውን ኩባንያ ከፈትኩ፣ በ67። ለአምስት ሲካፈል የእያንዳንዳችን መነሻ 480 ነው፤ መጀመሪያ ላይ በሚደረገው የትናንሽ የግል ኩባንያዎች ጨረታ ደግሞ ከፊሉን አጥፍቻለሁ። እንደምንም ብዬ 40 በመቶውን ገዛሁ። ለመነሳት 20 በመቶ ይጎድለዋል። ማንም አልገዛም። መምህሩ ሠንጠረዡን እያየ ዝም አለ። ወንድሜ እንዲያውም ሳቀ። ጋሼ ግን ሁለት ወረቀት አነሱ።

«ያንቺ አይደለም እንዴ? ይነሳልሽ» አሉ።

እንዲህ ተነሳልኝ። ካዝናው ውስጥ 670 ገባ። ሁለት ባለ ሁለት፣ ኋላ ሁለት ባለ ሦስት ባቡር ገዛሁ። ወንዝ ለመሻገር 80 ከፈልኩ። ገቢ በመጣ ቁጥር አንድ ሳላስቀር አከፋፈልኩ። ጋሼም ድርሻቸውን ሲቀበሉ «ተባረኪ» ይላሉ። ካዝናው ውስጥ 30 ብቻ ቀረ። የእኔ ኪስ ግን ሞላ።

ባለ አምስት ባቡሮቹ ተሸጠው ሲያልቁ ሁሉም ሰው ገባው። ቀጥሎ ያለው ባለ ስድስት ነው። ወንድሜ የሚገዛበት ብር አለው። የኔ ሁለት ባለ ሦስቶች በሚቀጥለው ዙር ይሞታሉ። አዲስ ባቡር 630፣ ካዝና 30። ስድስት መቶ ከኪሴ ልትወጣ ነው።

የአክሲዮን ዙር ተራዬ ደረሰ። እናቴ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ጋሼ ሲኒያቸውን ተቀብለው ለእኔ አሳለፉልኝ፣ «አንቺ ጠጪ» ብለው። ያቺን ሲኒ ባልቀበል ይሻለኝ ነበር።

«አራት ኢሪ እሸጣለሁ» አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የባጃጁ ልጅ «እህ» ብሎ ጀመረና ተወው። መምህሩ የሊቀመንበርነቷን ወረቀት ከፊቴ አንስቶ ጋሼ ፊት አስቀመጠና የእሳቸውን ሁለት ወረቀት ወሰደ። በሁለት እጁ ነው የሰጣቸው፣ እንደ ሽልማት። ዋጋው አራት እርምጃ ወረደ። ከዚያ ወንድሜ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ባለ ስድስቱን ገዛ።

ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ 215 ነበራቸው። አራት የፔንሲልቫኒያ አክሲዮን አለቻቸው፤ ጨዋታውን ሁሉ ሳይነኩ የያዟት፣ እንደ ጥሎሽ ወርቅ። እያንዳንዷ 112። አራቷንም ሸጡ። አን፣ ዶ፣ ትሯ፣ ካትር። ባቡሩን ከፍለው የቀራቸው 63 ነው። አላማረሩም። ማማረር ቢጀምሩ እፎይ እል ነበር። ባቡሯን ኢሪ ላይ አስቀምጠው «ጥሩ ማሽን ናት» አሉ።

እናቴ ግን ከጓዳ በር ላይ ሆና አይታለች። ብሩ ወረቀት መሆኑን መቼም ታውቃለች፤ ቁማር መስሏት ገና የመጀመሪያ ቀን አጣርታለች። ማታ ሲኒ ሳጥብ መጥታ «ለሰላምታ ጉንጩን የምትስሚው አጎትሽ ላይ ነው?» አለችኝ። ጨዋታ ነው አልኳት። «ፊትሽ ግን የጨዋታ አይመስልም ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። መምህሩ ከፈረንጅ ጋር በኢንተርኔት ሲጫወት በአንድ ማታ ሦስት ሰው ላይ ይጥላል፤ አንቀላፍቶ ይነሳል። እሱ እንደሚለው መጣል ካልቻልክ አትጫወት። ለስለስ ያለው 1846 አለ፣ እሱን እንግዛ ብሎኛል። እዚያ ዋጋ የሚወርደው ሊቀመንበሩ ሲሸጥ ነው፤ ሌላው ሲሸጥ ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን 1830ን የምወደው ለዚሁ ጭካኔው ነው። እቁብ ቢሆን ዳኛ አለ፣ ዋስ አለ። እዚህ ዋስህ ሌላው ሰው የገዛልህ ሁለት ወረቀት ነው። በዚያው ወረቀት ታስረዋለህ። ይሉኝታ ያለው ሰው ሊቀመንበር ሆኖ ይቀራል፤ ከኪሱም ይከፍላል። ሁለት ጊዜ ይሉኝታ ይዞኝ ሳልጥል ቀርቼ ሁለቴም የመጨረሻ ወጥቻለሁ። በዚያ እሁድ ጥዬ ሁለተኛ ወጣሁ። ወንድሜ አሸነፈ፣ እንደ ልማዱ። ስለ እሱ ድል ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጋሼ ቀጣዩ እሁድ ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ከሁላችንም ቀድመው መጡ። ቆሎ በፌስታል ይዘው፣ መነጽራቸውን ወልውለው። ኩባንያ ከፈቱ፤ በ67፣ ኢሪን ራሱን። 40 በመቶ ያዙ። ከዚያ በሰሌዳው ላይ ተሻግረው አዩኝ።

«ሁለት ግዢልኝ እንጂ» አሉ። «ይነሳልኝ።»

መምህሩ ሳቁን ለመደበቅ ቡናው ላይ አቀረቀረ። ባንክ ውስጥ የቀሩትን ባቡሮች በዓይኔ ቆጠርኩ። ገና ባለ ሁለቶቹ እንኳ አላለቁም። ሩቅ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

ገዛሁ።

አረንጓዴው ካርቶን ላይ እንደደረስን መብራት ሄደ። በስልክ ባትሪ ትንሽ ታገልንና ተውነው። ሰሌዳውን እንዳለ፣ ቆርኪው ሳይነቃነቅ፣ ለአራት ይዘን ከእናቴ አልጋ ሥር አስገባነው። ጋሼ የኢሪን ወረቀት ለብቻ አጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። እሁድ እንቀጥላለን።