የእናቴን የመጨረሻ ቃል እግዚአብሔር አሰማኝ

እናቴ ደሴ ስታርፍ እኔ እንግሊዝ አገር፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። በዚያው ምሽት ደውላልኝ ነበር፤ ስልኬ ሎከር ውስጥ ስለነበር አልሰማሁትም። ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯም አልደረስኩም። ፍትሐቱ ሆነ፣ ተዝካሩ ወጣ፣ እኔ ግን «እማዬ ምን ልትለኝ ነበር?» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እህቶቼን ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። ማታ ማታ «ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህና አሳርፈኝ» እያልኩ አለቅስ ነበር።

አብራኝ የምትሠራ፣ ልጇ በመኪና አደጋ የሞተባት እንግሊዛዊት አለች። እንዴት ያለች ደግ ሴት መሰለቻችሁ። «እሁድ እኛ ቸርች ነይ፣ እናትሽ መልእክት ትልክልሽ ይሆናል» አለችኝ። የሞቱ ሰዎችን መናፍስት እናነጋግራለን የሚሉት፣ ስፒሪቹአሊስት ቸርች የሚባለው ነው። ለብቻዋ መሄድ እንደሚከብዳት ስትነግረኝ አንጀቴ አልችል አለና አብሬያት ሄድኩ።

አዳራሹ ትንሽ ነው። መስቀል አላየሁም፣ ፊት ለፊት አበባ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሰባቱ መርሆዎቻቸው በፍሬም ተሰቅለዋል። የእግዚአብሔር አባትነትና የሰው ልጆች ወንድማማችነት ብሎ ይጀምርና ከመናፍስት ጋር መገናኘት ወደሚለው ይሄዳል። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ትምህርትም ተሰጠ። ከዚያ ሚዲየም የሚሏት ሴትዮ ተነስታ ከሙታን ነው ያለችውን መልእክት ለአንዱም ለሌላውም ትናገር ጀመር።

ድንገት ወደኔ ዞረች። «ከኋላ ያለሽው፣ ወደ አንቺ ልምጣ?»

ልቤ ሊወጣ ደረሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዓለም ላይ ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ግን ኢሳይያስ ላይ ያለው «ለሕያዋን ሲሉ ሙታንን ይጠይቃሉን?» የሚለው ቃል መጣብኝና «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ምንም ሳትቀየም ወደ ጓደኛዬ አለፈች። ጓደኛዬ ስታለቅስ እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ በትህትና አስረዱኝ። ነገሩ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1848 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃይድስቪል ነው፤ የፎክስ ቤት ልጆች የሞተ ሰው መንፈስ እያንኳኳ ይመልስልናል አሉ። ራሷ ማርጋሬት ፎክስ በ1888 ድምፁን በእግር ጣቶቻችን ነበር የምናሰማው ብላ በአደባባይ እንደተናገረች፣ በዓመቱ ደግሞ ቃሏን እንዳጠፈች ቤት ገብቼ አነበብኩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጆቻቸው የረገፉባቸው ወላጆች ወደዚህ እንደጎረፉም አነበብኩ፣ እነሱን ማን ይፈርድባቸዋል? ስለ ኢየሱስ ስጠይቃቸው ግን ሽማግሌው «ታላቅ አስተማሪ ነው፤ ዕዳህን ግን ሌላ አይከፍልልህም፣ ሁሉም ለራሱ ተጠያቂ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ተስፋዬ ሁሉ ዕዳዬን በከፈለልኝ ላይ ነው። እዚያ ላይ መንገዳችን ተለያየ።

የዚያን ሌሊት ተንበርክኬ «ከሌላ አልጠይቅም፣ ከአንተ ነው የምጠብቀው» አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ጎረቤታችን ናቸው! ከቀብሩ በኋላ ጎጃም ልጃቸው ጋ ሄደው ስለከረሙ ማንም እሳቸውን መጠየቅ ትዝ አላለውም። «ያን ማታ ስልኩን የመታሁላት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ስልኩ አይነሳም ስላት ‹ተይ፣ ሥራ ላይ ትሆናለች፣ አታስደንግጫት። ልጄ ደክማልኛለች፣ የወለድሽው ይባረክ፣ በሄድሽበት ሰው አይጥላሽ ብላለች በይልኝ› አለችኝ። ቤቴ ስመለስ ልንገርሽ ስል ነው የከረምኩት።»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጮህኩ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ። ሳልጠይቃቸው፣ እኔ ምን እንደምፈልግ ሳያውቁ ነው የደወሉት! ያን ቀን ከሥራ በፊት ተኛሁ፣ አላርሙም አልቀሰቀሰኝም፣ ጓደኛዬ ደውላ ነው ያስነሳችኝ። ተመስገን፣ እስከ ዛሬም እተኛለሁ።

ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለእኔም ጸልይልኝ» አለች። አሁንም እሁድ እሁድ እዚያው ትሄዳለች። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ እባካችሁ ልጇን ያጣች እናት ብላችሁ በጸሎት አስቧት።