አራስ ልጅ አንድ እጁን ካላንቀሳቀሰ

መጀመሪያ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቁና ሁለቱን እጆች አስተያዩ። አንዱ ክንድ ከጎኑ ተለጥፎ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ ክርኑ ካልታጠፈ፣ መዳፉም ወደ ኋላ ካየ፣ ጣቶቹ ግን ጣታችሁን ጠበቅ አድርገው ከያዙ፣ የተጎዱት ከአንገት የሚወጡት የላይኞቹ ነርቮች፣ ሲ5 እና ሲ6 ናቸው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው፤ በተለይ በምጥ ጊዜ ትከሻው ተይዞ ከነበረ።

ጣቶቹም ከላሉ ጉዳቱ ሰፊ ነው። ያኔ ፊቱን እዩ። በዚያው ወገን የዓይኑ ሽፋን ወረድ ብሎ ብሌኑ ከጠበበ፣ የነርቩ ሥር ከኅብለ ሰረሰር ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በራሱ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ነርቭ ነው ከማለት በፊት ግን አጥንት ይታይ። ከአንገት ሥር ያለው አጥንት ከተሰበረ ሕፃኑ ሕመሙን ሸሽቶ እጁን ያሳርፋል፣ ሲነካም ያለቅሳል። ራጅ ስብራቱን ያሳያል፤ ሁለቱ ጉዳቶች አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ግን ስብራት ተገኘ ብሎ ነርቩን መርሳት አይገባም። (ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማስጎተት ለሁለቱም አይበጅም።) ሲወለድ በደንብ ይንቀሳቀስ የነበረ እጅ ከቀናት በኋላ ካቆመ ደግሞ የመገጣጠሚያ ወይም የአጥንት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ትኩሳት ባይኖርም በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

«ቆይ፣ ራሱ ይመለሳል» የሚባለው ለብዙዎቹ እውነት ነው። ችግሩ ቀን ሳይቆረጥለት መባሉ ነው። ቀኑ 3 ወር ነው፣ የሚታየውም ክርኑ። ሕፃኑን ደግፋችሁ አስቀምጡ፣ ደህነኛውን እጅ በቀስታ ያዙ፣ አሻንጉሊት አሳዩት። ክርኑን ወደ ላይ ማጠፍ ካልቻለ ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይላክ። ትከሻውን ወርውሮ እጁን ማወዛወዙ አይቆጠርም። በ6 ወር ደግሞ ፊቱ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉና በተጎዳው እጅ ያነሳው እንደሆነ ተመልከቱ። በኤሌክትሪክ የሚደረገው የጡንቻ ምርመራ በዚህ ዕድሜ ከእውነታው የተሻለ ውጤት ስለሚያሳይ ብቻውን አይታመንም።

እስከዚያው ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ከጎኑ አስጠጉና ክንዱን በዝግታ ወደ ውጭ አዙሩ። ይዞር የነበረው ክንድ አልዞርም ካለ ትከሻው ወደ ኋላ እየወጣ ሊሆን ይችላል። የክንዱ አጥንት ራስ ገና በአብዛኛው ልም አጥንት ስለሆነ በራጅ በደንብ አይታይም፤ አልትራሳውንድ ጠይቁ።