ዓመት ያልሞላው ስም፦ በካንሳስ ሲቲ የፓሴዮ ጎዳና ላይ

ካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ የሄድኩት ለሠርግ ነው። ሠርጉ አልቆ ትርፍ ጊዜ ስለነበረኝ፣ ከሩቅ ሆኜ ወሬውን ስከታተለው የቆየሁትን አንድ ጎዳና በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ፓሴዮ ይባላል። ከሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ካለው ከፍታ ተነስቶ በጥቁሮች ሰፈር መሀል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ ሰፊ ጎዳና ነው። መሀሉ ሣር ነው፣ ትልልቅ ዛፎችም አሉበት። ስሙን የወሰደው ሜክሲኮ ሲቲ ካለው ፓሴዮ ዴ ላ ሬፎርማ ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 የከተማው ምክር ቤት 8 ለ4 በሆነ ድምፅ ጎዳናውን በዶ/ር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ሰየመው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ስሙን አስነሳው። ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው መራጭ ይነሳ ነው ያለው።

ያረፍኩት በእናቴ ዘመድ ቤት ነበር፤ እዚያው ከተማ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ያኔ ሰዉ ምን ይል ነበር?" አልኳቸው። "ተሳፋሪው ሁሉ ፓሴዮ ነው የሚለው፤ በኪንግ ስም ውሰደኝ ያለኝ የለም" አሉኝ። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ "ታፔላው ሲነቀል ግን አንዲት አሮጊት መኪናዬ ውስጥ አልቅሰዋል። እንኳን ለእሳቸው ለእኔም ከበደኝ፣ ልጄ" አሉ።

በማግስቱ ይዘውኝ ወጡ። መጀመሪያ የቆምነው 18ኛ እና ቫይን የሚባለው ሰፈር ነው። የኔግሮ ሊግ (የጥቁር ተጫዋቾች የቤዝቦል ሊግ) ሙዚየምና የጃዝ ሙዚየም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ያሉት። ትንሽ በእግር ሲሄዱ ፓሴዮ ላይ የድሮው የጥቁሮች ዋይኤምሲኤ (የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር) ሕንፃ ይገኛል። በ1920 ሩብ ፎስተር የተባለው የቤዝቦል ቡድን ባለቤትና ሌሎች የቡድን ባለቤቶች የኔግሮ ናሽናል ሊግን የመሠረቱት እዚህ ቤት ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ሙዚየሙ ውስጥ ካየሁት ይልቅ ውጭ ከዚህ ሕንፃ ፊት ስቆም ነው ነገሩ የገባኝ። ለኪንግ ስም የታገሉት ፓስተሮች ሌላ ስንት ጎዳና እያለ ይሄንን ለምን ሙጥኝ እንዳሉ ማለቴ ነው።

ዘመቻውን የመሩት የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ከፊት የነበረው የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ የከተማው ቅርንጫፍ ነው፤ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ይህን ጉባኤ በ1957 ሲመሠረት ጀምሮ የመራው ራሱ ኪንግ ነበር። የቅርንጫፉ መሪ ፓስተር ቨርነን ሃዋርድ ናቸው። ከጎናቸው የቆሙት ኢማኑኤል ክሊቨርም የሜቶዲስት ቄስ፣ የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የነበሩና አሁን የኮንግረስ አባል የሆኑ ሰው ናቸው። የሚገርመው፣ ክሊቨር ከተማዋ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ጎዳና ነበራቸው፤ ኪንግ ግን አልነበረውም። አሜሪካ ውስጥ ከ900 በላይ ጎዳናዎች በኪንግ ስም ይጠራሉ ይባላል። የቺካጎ ከተማ ኪንግ በተገደለበት ዓመት፣ በ1968 ነው የሰየመችለት። ካንሳስ ሲቲ የሚያህል ከተማ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጎዳና ሳይኖረው መቅረቱ ለፓስተሮቹ እንደ ንቀት ቢታያቸው አልፈርድባቸውም።

እዚህ ላይ 1968ን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ኪንግ ኤፕሪል 4 ሜምፊስ ላይ ተገደለ። ኤፕሪል 9 በቀብሩ ቀን በሚዙሪ በኩል ያሉት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች (ድንበሩን ተሻግሮ በካንሳስ ግዛት በኩልም ሌላ ካንሳስ ሲቲ አለ) አልተዘጉም። ተማሪዎቹ ተቆጥተው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተሰለፉ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው፣ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለቀናት ታመሰ፤ ቤት ነደደ፣ ሰው ሞተ። ያኔ ተማሪ የነበሩት ናቸው ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት።

ፓስተር ሃዋርድ በወቅቱ ሲከራከሩ ደጋግመው የሚያነሱት ልጆችን ነበር። አርአያ በጠፋበት ሰፈር የሚያድግ ጥቁር ልጅ ያንን ስም በየማዕዘኑ ሲያይ የሚሰማውን ሌላው ሰው በቀላሉ አይረዳውም ይሉ ነበር። አንዴ ተሰቅሎ ከወረደ ደግሞ ልጁ ለምን እንደወረደ ይጠይቃል። እኔን የነካኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ስሙ ከመጀመሪያው ባይሰጥ አንድ ነገር ነው፤ ተሰጥቶ ሲነጠቅ ግን የተነጠቀበት ልጅ ያውቀዋል።

ተቃዋሚዎቹም ያለ ምክንያት አልተነሱም። የከተማው ደንብ የጎዳና ስም ሲቀየር በጎዳናው ላይ ንብረት ካላቸው ሰዎች 75 በመቶው እንዲስማሙ ይጠይቃል። ምክር ቤቱ ይህንን ዘለለው። ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ነጮች ቢሆኑም እዚያው ፓሴዮ ላይ የሚኖሩ ጥቁሮችም ነበሩባቸው። ያደግንበት ስም ነው፣ ማንም አልጠየቀንም አሉ። ይሄ ቅሬታ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለኪንግ የሚሆን ስም ቤት ለቤት ዞሮ፣ አስረድቶ፣ ተለማምጦ መገኘት ነበረበት፤ ከፓስተሮች የተሻለ ይህን ሥራ የሚያውቅ ደግሞ የለም።

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የተደረገው ነገር ግን ልክ አይደለም፣ ምንም ምክንያት ቢቀርብለት። እሑድ ቀን ፓሴዮ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የስሙ ደጋፊዎች ተሰብስበው ነበር። ተቃዋሚዎች ገብተው በሁለቱ መተላለፊያዎች ላይ ተደርድረው ቆሙ። አልጮኹም፣ አልተናገሩም። ሰባኪዎቹ ተቀመጡ ሲሏቸውም እምቢ አሉ። የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር ስንት ጊዜ እንደተቃጠለና ቦምብ እንደተጣለበት የሚያውቅ ሰው ያ ዝምታ ለተቀመጡት ምን እንደሚመስላቸው ማሰብ አያቅተውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት መኪና አቁመን ጋሼ ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። "የእኛ ደጀ ሰላም ላይ እንደዚህ ቢደረግ ምን እንል ነበር?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደን ብራሽ ክሪክ የሚባለው ጅረት ጋ ስንደርስ አዲሱን ታፔላ አየሁት። በ2021 የከተማው የፓርኮች ቦርድ ቮልከር ቡሌቫርድን፣ ስዎፕ ፓርክዌይንና ብሉ ፓርክዌይን አገናኝቶ በኪንግ ስም ሰየማቸው። አምስት ማይል ያህል ነው። ይሄኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ትሩስት የሚባለውን ጎዳና ያቋርጣል። ትሩስት ነጭና ጥቁር ሰፈርን ለዘመናት የለየ መስመር ነው፤ ጥቁር ሰው በየትኛው ጎኑ ቤት መግዛት እንደሚችል ድሮ በውል ወረቀት ሳይቀር ይወሰን ነበር። የኪንግ ስም ያንን መስመር ማቋረጡ ደስ አለኝ። ፓሴዮ ሙሉ በሙሉ ከትሩስት ወዲህ፣ በምሥራቁ በኩል ነው፤ በዚህ በኩል ካየነው አዲሱ ምርጫ ይሻላል ባይ ነኝ። መንገዱ ዳር በኪንግ ስም የሚጠራ መናፈሻም አለ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ የፓትሪክ ማሆምስ ፋውንዴሽን አግዞ የልጆች መጫወቻው ታድሷል። በደረስንበት ሰዓት በልጆች ተሞልቶ ነበር።

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የልጅ ልጃቸውን ከሚጠብቁ እናት ጋር ተጫወትን። ቤተ ክርስቲያናቸው ፓሴዮ በኪንግ ስም እንዲሰየም ፊርማ ካሰባሰቡት አንዷ ናት። ይሄኛው አይበቃም ወይ አልኳቸው። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል አሉ። "ግን የኔ ቤት ያለው ፓሴዮ ላይ ነው" ብለው ልጁን ሊጠሩ ተነሱ።

ወደ ካንሳስ ሲቲ የምትሄዱ ካላችሁ ከ18ኛ እና ቫይን ጀምሩ፤ በእሑድ ጠዋት ካደረጋችሁት ደግሞ በፓሴዮ ዳርና ዳር ያሉትን ቤተ ክርስቲያኖች ታያላችሁ። መኪና ያስፈልጋችኋል፣ ርቀቱ በእግር አይሆንም።