ከባሕሩም ከአደባባዩም ያወጣው አምላክ

ስሙ ይክበር ይመስገን! ይህን ምስክርነት ሳልሰጥ ዓመታት አለፉ፤ አሁንም ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል።

እንደ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 19 ቀን 2016፣ ሰኞ፤ በእኛ ታኅሣሥ 10፣ ጾመ ነቢያት ነው። ታናሽ ወንድሜ ከጀርመንኛ ትምህርቱ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር በርሊን ብራይትሻይድፕላትስ ወዳለው የገና ገበያ ጎራ ብሏል። በጦርነቱ ጊዜ ግንቡ በቦምብ የተቆረጠው ቤተ ክርስቲያን ያለበት አደባባይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አንድ አሸባሪ የነጠቀውን ብረት የጫነ ከባድ መኪና ሰዉ መሀል ነዳው።

እኔ ቤት ሽሮ ጥጄ እጠብቀዋለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «በርሊን በርሊን ይላሉ፤ ልጄስ?» ወዲያው ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። ሽሮው አርሮ ጭሱ ቤቱን ሲሞላው እንኳ አልታወቀኝም፤ በሩን ደብድበው ገብተው ምድጃውን ያጠፉት ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው አብረውኝ ወጡ።

ፖሊስ አካባቢውን ዘግቶታል። ለአንዱ ፎቶውን ከስልኬ ላይ አሳየሁት፤ አየት አደረገና አንገቱን ደፋ። እዚያው አስፋልት ላይ ተንበረከክሁ። ከአፌ የወጣው ግን ጸሎት አይደለም፣ ጠብ ነው። «ከሊቢያ በረሃ ያወጣኸው፣ በጎማ ጀልባ ባሕሩን ያሻገርኸው እዚህ ልትጨርሰው ነው? በግብፅ መቃብር ጠፍቶ ነው?» አልሁት። እትዬ «ኧረ ተይ ልጄ፣ ፈጣሪ ነው!» ይሉኛል፤ እኔ ግን አልሰማም። ጉልበቴ ሲዝል ብቻ «ገብርኤል፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ እሱን አውጣልኝና ቁልቢ በእግሬ እመጣለሁ» አልሁ።

ሊነጋጋ ሲል ከሆስፒታል ተደወለ። ኪሱ ውስጥ በተገኘ የትምህርት ቤት ወረቀት ነው ያገኙን። የእንጨት ሱቁ ተደርምሶበት ዳሌውና ሳንባው ተጎድቷል። አንዲት የማናውቃት ሴት አምቡላንስ እስኪደርስ ደሙን በሻርፗ አፍና ይዛለታለች፤ እመቤቴ ውለታዋን ትክፈልልኝ። መኪናው ሲጋጭ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንደነበረውና ከ70 እስከ 80 ሜትር እንደሄደ ፍሬኑ እንዳቆመው የሰማነው በኋላ ነው። አሸባሪውማ ሊያቆም አላሰበም።

በገብርኤል ዕለት የመተንፈሻ ቱቦው ወጣለት። ነርሷ ሾርባ በማንኪያ ስታቀርብለት፣ ድምፁ ሰልሎ፣ «ወተት አለበት? ጾም ነው እኮ» አለ። እልልታዬን አቀለጥኩት! ነርሷ ደንግጣ ሐኪም ጠራች።

ክረምቱ፣ በጋው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ክራንቹ አለፉ። ስለቴንም አደረስሁ፤ ቁልቢ ዳገቱን ሁለታችንም በእግራችን ወጣን።

የዚያን ምሽት 12 ሰዎች አለቁ፤ መኪናው የተነጠቀው ፖላንዳዊው ሾፌር አንዱ ነው። ሌሎችን ሊረዳ ሲሮጥ የተጎዳ ሰው ደግሞ በ2021 አርፎ 13 ሆኑ። ስማቸው ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተጽፏል። «በአጠገብህ ሺህ ይወድቃሉ» የሚለው መዝሙር ላይ ስደርስ ዛሬም ድምፄ ይቆረጣል። ወንድሜ ተርፎ እነሱ ለምን? ለንስሐ አባቴ ያን ሌሊት የተናገርሁትንም ይህንንም ነገርኋቸው። «ጠይቂው፤ አይቀየምሽም» አሉኝ። እየጠየቅሁት ነው። እናንተም ነፍስ ይማር በሉልኝ።